«የሶዲየም ቦይ» ወይስ «የሶዲየም ማሳለፊያ»?

ለአዳማ፣ ለሞጆና ለባቱ የጤና ሠራተኞች ንባብ ታስቦ የተሰናዳ አንድ ረቂቅ ትርጉም ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። ስለ ኩላሊት በሚናገረው ክፍል የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ይገኛል፤ «በኩላሊት ሕዋስ ውስጥ የዕድገት ምክንያት ምልክት የሶዲየም ቦይን ይቆጣጠራል»። ቃላቱ አንድ በአንድ ሲመረመሩ ነቀፌታ የሚገኝባቸው አይደሉም። በአንድነት ሲነበቡ ግን የሚያስጨብጡት ሐሳብ የለም፤ ካለም የተሳሳተ ነው።

አስቀድሞ ነገሩን መረዳት ይገባል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል፤ አብሮ ከተጣራውም ሶዲየም ከመቶ 99 እጅ ያህሉን ወደ ደም ይመልሳል። የመጨረሻው ጥቂት እጅ ይመለስ ወይስ በሽንት ይውጣ የሚለው የሚወሰነው በኩላሊት ጥቃቅን ቱቦዎች መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ የሚገኙ ሕዋሳት ሽፋናቸውን አቋርጦ የተተከለ፣ ከሦስት ክፍሎች የተገጣጠመ ፕሮቲን አላቸው፤ ሶዲየም ወደ ሕዋሱ የሚገባውም በዚሁ ፕሮቲን በኩል ነው። ይህች ጥቂት የምትመስል እጅ የደም ግፊትን ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ትበቃለች።

ይህን ፕሮቲን ነው ተርጓሚው «ቦይ» ያለው። ቦይ ለአዳማና ለአካባቢዋ ሰው እንግዳ ቃል አይደለም፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአዋሽ ውኃ ለአገዳው ማሳ ሲዳረስ የኖረው በቦይ ነው። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ቃሉ እጅግ የታወቀ በመሆኑ ሥዕሉንም ይዞ ይመጣል። ቦይ የተቆፈረና ረጅም ሲሆን ውኃውን ከነደለሉ ይነዳል። ፕሮቲኑ ግን ሶዲየምን ከፖታሲየም ለይቶ ያስገባል፤ ራሱም ይከፈታል፣ ይዘጋል። «መተላለፊያ» ብንለው የቤት ኮሪደር ትዝ ይላል። «ማለፊያ» ብንለው ደግሞ አንባቢው «ማለፊያ ነገር!» ብሎ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛ የምንመርጠው «ማሳለፊያ» የሚለውን ነው፤ አድራጊነትን ስለሚያመለክት የመምረጥና የመፍቀድ ሐሳብ ይገባበታል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ምልክት» ነው። በሕክምና አማርኛ ምልክት ማለት ሕመምተኛው ላይ የሚታይ የበሽታ ምልክት ነውና፣ የጤና ሠራተኛው ዐረፍተ ነገሩን ስለ አንድ በሽታ እንደሚናገር አድርጎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ነገሩ በእርግጥ አንዱ ፕሮቲን ለሌላው እያቀበለ የሚያደርሰው ትእዛዝ ስለሆነ «የመልእክት ቅብብል» ማለት ይበቃል።

«የዕድገት ምክንያት» የተባለውም ሌላ ጣጣ አለበት። ስያሜው በመነሻው የታሪክ ውጤት ነው። ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ አንዱ ሲጽፍ ያስተዋለው በአዲስ የተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ዐይን ያለ ጊዜው መገለጡን፣ ጥርሳቸውም ቀድሞ መብቀሉን ነበር፤ ስሙም ከዚያው ቀረ። በኩላሊት ውስጥ ግን ሥራቸው ማሳደግ ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን መሰሉ ሶዲየም እንዲመለስ ሲያበረታ፣ ኮኸን ያገኘው ደግሞ በቱቦው መጨረሻ ሕዋሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ውሎ አድሮ የሶዲየምን መግባት ሲቀንስ ታይቷል። «ምክንያት» ረቂቅ ሐሳብን እንጂ ተጨባጭ ፕሮቲንን ስለማይጠራ «ዕድገት አነሣሽ» የሚለውን እናቀርባለን።

«ይቆጣጠራል» በሚለው ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የተርጓሚው ግዴታ ከቃል ምርጫ አልፎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነውና። ኢንሱሊን መሰሉ አነሣሽ ከሕዋሱ ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ቅብብሉ ይጀምራል። በመጨረሻም ማሳለፊያዎቹን ለመወገድ ምልክት እያደረገ የሚያስነሣውን ፕሮቲን ሥራ ያስፈታዋል። ስለዚህ ማሳለፊያዎቹ ከሽፋኑ ላይ ሳይነሡ ይቆያሉ፤ ቁጥራቸውም ይበዛል። ይህ አንዱን ማሳለፊያ አስፍቶ ወይም ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ከማቆየት የተለየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግራንት ሊድልና ባልደረቦቹ የገለጹት፣ በዘር የሚወረስ የደም ግፊት በሽታ ልዩነቱን ያስረዳል፤ በበሽታው የሚገኘው ጉድለት ማሳለፊያዎቹ በወቅቱ እንዳይነሡ ያደርጋል። «መቆጣጠር» ይህን ሁሉ በአንድ መጋረጃ ይሸፍናል።

ሶዲየምን «ጨው» ለማለት የሚሹም አሉ፤ አንስማማም። የአብያታን ሐይቅ ሶዳ የሚያውቅ የስምጥ ሸለቆ ሰው ሶዲየም ያለበት ሁሉ የወጥ ጨው እንዳልሆነ ያውቃል። በአፋን ኦሮሞ አጠገብ አማርኛን የሚያነበው የአዳማ ባለሙያም «ኩላሊት»ን ከ«ካሌ»፣ «ጨው»ን ከ«ሶጊዳ» ጋር ሲያስተያይ፣ «ሶዲየም» በሁለቱም በኩል አንድ ሆኖ ቢያገኘው ይቀለዋል።

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ አርመን መልሰናል፤ «በኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ ከዕድገት አነሣሾች የሚጀምር የመልእክት ቅብብል በሽፋናቸው ላይ የሚገኙትን የሶዲየም ማሳለፊያዎች ብዛት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል»። ረዝሟል። አዘጋጁም አሳጥሩልን ብሎናል፤ «ብዛት» የምትለው ቃል ካልወጣች በቀረው ላይ እንደራደራለን።