የቤት ግብር ግምት ሲበዛብን

ዛሬ የምናነሳው በየቤቱ የሚጉረመረምበትን፣ በጽሑፍ ግን እምብዛም የማይቀርበውን የቤት ግብር ጉዳይ ነው።

በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቤትን ግብር በዓመታዊ የኪራይ ግምት ያሰላ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ግን መነሻውን የገበያ ዋጋ አደረገ፤ ግብሩም የሚሰላው ከዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው። የቤቱ ምጣኔ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ስለሆነ፣ ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት በዓመት ከ250 እስከ 2,500 ብር ያመጣል። የቦታው ለብቻው ይታሰባል።

ምጣኔውን የወሰነው ሕግ ነው፤ ከግብር ሠራተኛው ጋር ብንሟገትበት ትርፉ ድካም ነው። «አቅም የለኝም» ማለትም፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ግምቱን አያፈርስም። ግምቱን የሚያፈርሰው በመዝገቡ ላይ ያለ ስህተት ነው። 80 ካሬ ሜትር የሆነው ቤት 120 ተብሎ ከተጻፈ ግምቱ በግማሽ ያድጋል። የጭቃው ግድግዳ ብሎኬት ተብሎም ሊመዘገብ ይችላል። እዚህ ሸዋ ሮቢት፣ በደሴው መንገድ ዳር፣ ፊቱ ሱቅ ጓዳው መኖሪያ የሆነ ቤት ስንት አለ! ሁሉም ንግድ ቤት ተብሎ እንዳይቆጠር ማየት ይገባል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ የተጎዳ ቤትም እንደ ሙሉ ቤት ከተገመተ፣ ፎቶግራፍና የቀበሌ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ነው።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍና ምስክር ስለማቆም መሆኑን እናውቃለን። ታዲያ የይዞታ ካርታችንንና ደረሰኞቻችንን ለምን በየሣጥኑ እንበትናለን?

ከሁሉ የሚጎዳን ቀን ማሳለፍ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለቅሬታ 21 ቀን፣ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ደግሞ 30 ቀን ሰጥቶ ነበር፤ ለይግባኙም ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን ያስከፍል ነበር። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ የውሳኔው ወረቀት እንደደረሰን የጊዜ ገደቡን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቀን እንያዝ። ሽማግሌ ስንልክና ዘመድ ስናስለምን ቀኑ ያልቃል። የማንከራከርበትን ከፍለን፣ በምንከራከርበት ላይ ማመልከቻ አስገብተን፣ ቅጂውን በማኅተም እንቀበል።

ቤቱ በሟች ባሏ ስም ያለ እህታችንም የወራሽነት ማስረጃዋን አስቀድማ ታውጣ፤ ያለዚያ «ባለቤቱ ይምጣ» እየተባለች ቀኗ ያልፍባታል።