በራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ላይ ከባድ ዕቃ ስለ ማንሣት

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወስደው መንገድ እስከ ወንዙ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ይህ ለእግረኛ የድካም ነገር ነው፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ለሚያነሣ መኪና ግን የመቆምና የመገልበጥ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የኮሪደር ልማት ሥራ ከተካሄደ ወዲህ ይህን የአራዳ ክፍል ለሚያጠና ተማሪ ጥያቄው ይበልጥ ቀርቧል።

በአገራችን የግንባታ ቦታዎች ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በባሬላ ነው። ሥራው አድካሚ ቢሆንም አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ተሸካሚው የሚረግጠውን መሬት በእግሩ ያውቀዋል፣ ሲያዳልጠውም ባሬላውን ጥሎ ዘወር ይላል። መኪና ነጂው ይህ ዕድል የለውም።

ተራው ፎርክሊፍት ሸክሙን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ብቻ ያነሣል፤ ደልዳላ ወለልም ይሻል። ክንደ ተመዛዡ ፎርክሊፍት ግን አንዱ ብረት በሌላው ውስጥ የተሰካ ክንድ ስላለው፣ ክንዱ በዘይት ግፊት እየተመዘዘ ወደ ላይም ወደ ፊትም ይረዝማል። ጄሲቢ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን ዓይነት መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1977 እ.ኤ.አ. ነበር። ቦይ ወይም የድጋፍ ግንብ ተሻግሮ ዕቃ ማስቀመጥ በመቻሉ ለወንዝ ዳር ሥራ እጅግ ይመቻል። አደጋውም ከዚሁ ከመርዘሙ ይመጣል።

በምሳሌ እንመልከተው። መኪናው 80 ኩንታል ይመዝን፤ የክብደቱም ማዕከል ከፊት ጎማው 1.5 ሜትር ወደ ኋላ ይሁን። (ክንዱ ሲመዘዝ ይህ ማዕከል መዛወሩን ለጊዜው እንተወው።) መኪናውን የሚይዘው ኃይል 80 ሲባዛ በ1.5፣ ማለት 120 ነው። 25 ኩንታል ድንጋይ ከፊት ጎማው 4 ሜትር ርቆ ቢያዝ የሚገለብጠው ኃይል 100 ብቻ ስለ ሆነ መኪናው ይቆማል። 5 ሜትር ቢርቅ ግን 125 ይሆንና ይወድቃል። ሸክሙ አልጨመረም፤ የጨመረው ርቀቱ ነው።

አሁን ይኸው መኪና በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ይቁም። ድንጋዩ 6 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ በመዘንበሉ ብቻ 60 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፤ 25 ሲባዛ በ4.6፣ 115 ይሆናል። የመኪናው የክብደት ማዕከል 1 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን 10 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ስለሚቀርብ የሚይዘው ኃይል ወደ 112 ይወርዳል። በደልዳላ መሬት በደኅና የቆመው እዚህ ተገለበጠ ማለት ነው።

በነጂው ክፍል የሚለጠፈው የሸክም ሠንጠረዥ የተሰላው ለደልዳላና ለጠንካራ መሬት ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት በእንዲህ ያለ ስፍራ ከመኪናው ኪራይ አስቀድሞ የሚታሰበው የመቆሚያው መደልደል ነው። በጉዞም ጊዜ ክንዱ ተሰብስቦ ሸክሙ ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ ቁልቁለት ሲወረድም መኪናው በኋሊት ይነዳል፣ ሸክሙ ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል እንዲሆን። በወንዙ ዳር ደግሞ አፈሩ ሙሌት ከሆነ፣ ከላይ ደልዳላ መስሎ ቢታይም፣ አንዱ ጎማ በሸክም ጊዜ ሊሰምጥ ስለሚችል ከእግሩ ሥር ሰፊ ሳንቃ ወይም ብረት ማንጠፍ ያስፈልጋል።