ተጨማሪ መረጃ፦ ከጆንያው ስር ያለው አከርካሪ
ከመተማ በገላባት በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ ዶካ የተባለችውን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። አካባቢው የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ በአጨዳ ወቅት ከአማራ ክልል ብዙ የቀን ሠራተኞች ድንበሩን ሲሻገሩ ኖረዋል። እንደ እነዚህ ሠራተኞች ጆንያ የተሸከመ ሰው ክብደቱ በዋነኛነት የሚያርፈው ከፊት ባለው ወፍራም የአከርካሪ አካልና በዲስኮቹ ላይ ነው። ከኋላ ያሉት ሁለት ስስ የአጥንት ዝርጎች፣ ላሚናዎች፣ ሥራቸው ሌላ ነው፤ መሐል ላይ ተገናኝተው ህብለ ሰረሰሩን እንደ ጣሪያ ይከድኑታል። ጀርባ ላይ በእጅ የሚዳሰሰው ጉብታም የሚነሳው ከመገናኛቸው ነው።

ከላሚና ወደ ላሚና ቢጫ ጅማት ተዘርግቷል። አብዛኞቹ ጅማቶች እምብዛም አይለጠጡም፤ ይህኛው ግን ኢላስቲን ስለሚበዛበት ሸክም ለማንሳት ሲጎነበሱ ይሳባል፣ ሲቃኑ ይሰበሰባል። በዕድሜ ሲወፍር ህብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበትን ቦይ ሊያጠብ ይችላል፤ እግር ይደነዝዛል፣ መራመድ ይከብዳል። ሕመሙ ከጠና ላሚኔክቶሚ በተባለ ቀዶ ሕክምና ላሚናውን ቆርጦ በማንሳት ለነርቮቹ ቦታ ይሰጣል። አጥንት ተነስቶም ሰው ቀጥ ብሎ መቆሙ ያስገርም ይሆናል፤ ዋናው ሸክም ግን ቀድሞውንም እዚያ አልነበረም።

ስፓይና ቢፊዳ በተባለው የአፈጣጠር ችግር ላሚናዎቹ ከመነሻው አይገጥሙም። በፅንሱ ውስጥ ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ችግሩን ለመከላከል በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ የሚጀመረው ከእርግዝና በፊት ነው።