«ወደ ቀኝ» ሲባል የማን ቀኝ? የጠፈር ቴሌስኮፕ አቅጣጫውን የሚያውቅበት መንገድ

ቤር ሸቫ ታሃና መርካዚት በር ላይ ቆሞ መንገድ የጠየቀ ሰው «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ቢባል ነገሩ ገና አላለቀም። የማን ቀኝ? የጠያቂው ነው ወይስ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚጠቁመው ሰው? «ወደ ምሥራቅ» ቢባል ግን ሰውየው እንደፈለገ ቢዞር ምሥራቅ ቦታዋን አትለቅም።

የጠፈር ቴሌስኮፕም የሚቸገረው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀው ሀብል ምድርን በ95 ደቂቃ ገደማ እየዞረ፣ የሚቆምበት መሬት ሳይኖረው፣ ሩቅ ኮከብ ላይ ዓይኑን ተክሎ መቆየት አለበት። ቢወዛወዝ እንኳ ከ1.6 ኪሎ ሜትር ርቀት እንደሚታይ የፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ፎቶው ይደበዝዛል።

ይህን የሚጠብቁለት ሦስት ሴንሰሮች አሉ። ሥራቸው «መሪ ኮከብ» የሚባለውን ይዞ አለመልቀቅ ነው። አንድ ኮከብ ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ፎቶ ባይወድቅም ይንጋደዳል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴንሰሮች ሁለት ኮከብ ይይዛሉ።

አስቸጋሪው ሦስት ዓይነት መለኪያ መኖሩ ነው። አንደኛው የሰማዩ ነው። ምድር ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዳላት ሁሉ ሰማይም የራሱ አለው፤ በመዝገብ የሰፈረ ኮከብ ቦታው የሚነገረው በዚያ ነው። ይህ እንደ «ምሥራቅ» መሆኑ ነው። ሁለተኛው የቴሌስኮፑ የራሱ አካል ነው፦ ፊቱ ወዴት፣ ጎኑ ወዴት እንደሆነ። ሦስተኛው የእያንዳንዱ ሴንሰር ግራና ቀኝ ነው። ሴንሰሮቹ በቴሌስኮፑ ዙሪያ በ90 ዲግሪ ተራርቀው ስለተገጠሙ፣ ለአንዱ ወደ ቀኝ የሚሄድ ኮከብ ለጎረቤቱ ወደ ላይ የሚሄድ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተረጉም ጥቂት ከተዛባ፣ ሴንሰሩ መሪ ኮከቡን ያጣዋል ወይም ሌላ ኮከብ ይይዛል፤ ተመራማሪው ተራ ጠብቆ ያገኘው ሰዓትም በከንቱ ያልፋል። አንዴ ተለክቶ የሚያልቅ ነገርም አይደለም። የቴሌስኮፑ አካል ከምድር ይዞት የሄደውን እርጥበት ቀስ በቀስ ሲለቅ በጥቂቱ ይኮማተራል፤ ሴንሰሮቹም ፈቀቅ ይላሉ። ባለሙያዎቹ ቦታቸው በደንብ የታወቀ ኮከቦችን እያዩ በየጊዜው ደግመው ይለካሉ።

ሀብል ደግሞ አርጅቷል። መዞሩን የሚነግሩት ጋይሮስኮፖች አብዛኞቹ ስለተበላሹ፣ ከ2024 ወዲህ የሚሠራው በአንዱ ብቻ ነው።

እዚሁ ከተማ ያለው ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ትንሽ ሳተላይት፣ ቢጂዩሳት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከህንድ በአንድ ሮኬት ከሌሎች 103 ሳተላይቶች ጋር መጥቋል። ቴሌስኮፕ አይደለም፤ ካሜራው የሚያየው ወደ ምድር ነው። ቢሆንም ፎቶው የየትኛው ቦታ እንደሆነ ለመናገር፣ ሲነሳ ካሜራው ወዴት ዞሮ እንደነበር መታወቅ ነበረበት።