ግቢያችሁ ውስጥ ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ክረምት ሲቃረብ ብዙዎቻችሁ ችግኝ ለመትከል ታስባላችሁ። ጥሩ ነው፤ ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ መንፈስም ያድሳል። እኔ ግን እንደ ሐኪም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የምትተክሉትን ነገር ልጅ ቢነካው ወይም ቢቀምሰው ምን ያደርገዋል?

እነዚህን ሦስቱን እወቋቸው

🔴 ቅንጭብ፦ ቶሎ ስለሚያድግ ለአጥር ይወደዳል። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ግን ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ኮርኒያ የሚባለውን የዓይን የፊት ክፍል ያቆስላል፣ እይታንም ያደበዝዛል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል "ይለቀኛል" ብሎ መተኛት አደጋ አለው።

🔴 ኦሊያንደር፦ ቅጠሉ ጠባብና ረጅም፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ ነው። በጣም ያምራል፤ ግን ሁሉም ክፍሉ መርዛማ ነው። የልብ ምትን ያዛባል።

🔴 ጉሎ፦ ፍሬው ውስጥ ራይሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። ልጅ ካኘከው ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፣ ሊገድልም ይችላል።

አደጋ ከደረሰ

✅ ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ወዲያው በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ። አትሹት። የጡት ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አትጨምሩበት። በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ።

✅ ከተበላ፦ ጣት ከትታችሁ አታስመልሱ። "ወተት መርዝ ያረክሳል" ብላችሁም ጊዜ አታባክኑ። ልጁ ደህና ቢመስልም፣ የበላውን ቅጠል ወይም ፍሬ በፌስታል ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ታዲያ ምን እንትከል?

ግቢያችሁ ጠበብ ካለ ዘይቱን ወይም ሎሚ ይበቃል። ሰፊ ከሆነ አቮካዶ፣ ወይራ ወይም ዋንዛ ትክሉ። ትልልቆቹን ግን ከቤቱ ግድግዳና ከመብራት ገመድ አርቁ።

🌱 ችግኙን ከመትከላችሁ በፊት ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ፤ አለዚያ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል።
🌱 ጉድጓዱን ሰፋ አድርጉ፤ አፈሩ ግንዱን መቅበር የለበትም።
🌱 በበጋ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እስኪጠግብ አጠጡት።
🌱 ዙሪያውን ደረቅ ሣር አልብሱት፣ ግንዱን ግን አያስነኩት።

ቅንጭብ ቀድሞውኑ አላችሁ? እሺ፣ የግድ ዛሬ ይነቀል አልልም። ስትከረክሙ ግን የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ልጆችንም አርቁ። ለመከርከም በቀን ሒሳብ የምታመጡት ሰውም ዓይን አለው፤ መነጽሩን ለእሱም ስጡት። የኦሊያንደርን ጭራሮ ደግሞ በፍጹም አታንድዱ፤ ጭሱም ይመርዛል።

ነገ ጠዋት ከልጆቻችሁ ጋር ግቢውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ የትኛው እንደማይነካ በጣታችሁ አሳዩአቸው። የቅንጭብ አጥር ያለው ጎረቤት ካላችሁም ይህን ሼር አድርጉለት።