ከቆዳ የሚወጣው የኅትመት ሰሌዳ
በሐርጌሳ ቤቶች ሊሠራ ስለሚችል ቀላል የሥዕል ኅትመት

ሐርጌሳ የእንስሳት ንግድ ከተማ ናት። ለገበያ የሚቀርበው በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል ከፊሉ በዚያው ሲሸጥ፣ ከፊሉ ወደ በርበራ ወደብ ወርዶ በመርከብ ወደ ዐረብ አገሮች ይሻገራል። የዚህን ንግድ ነገር የሚከታተል ሁሉ የሥጋውንና የቆዳውን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን ከዚያው ከቆዳና ከዐጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው ጀላቲን የተባለው ነገር የኅትመት ሰሌዳ ሆኖ ሊያገለግል መቻሉን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ከጥቅሙም ከጨዋታውም ይካፈሉ ዘንድ ነገሩን በአጭሩ እናስረዳለን።

ጀላቲን ማለት በእንስሳት ቆዳ፣ ጅማትና ዐጥንት ውስጥ ካለው ኮላጅን ከሚባለው ነገር በሙቅ ውሃ የሚወጣ ነው። ደርቆና ተፈጭቶ በዱቄት መልክ ይሸጣል። በውሃ ሲርስ ያብጣል፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ረግቶ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ለስላሳ አካል ይሆናል። ለኅትመት ያበቃውም ይኸው ጠባዩ ነው፤ ምክንያቱም እንደ እንጨትና እንደ ብረት አልበገርም ሳይል ለወረቀቱና ለቅጠሉ ቅርጽ ይታዘዛል።

ይህ ሰሌዳ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በጽሕፈት ቤት ያገለገለ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሄክቶግራፍ የሚባል የማባዣ መሣሪያ ተፈለሰፈ፤ ስሙም መቶ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጸሐፊው ደብዳቤውን አኒሊን በተባለ ኃይለኛ ቀለም ይጽፍና ወረቀቱን በጀላቲኑ ላይ ገልብጦ ይጫነዋል። ቀለሙም ወደ ጀላቲኑ ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ወረቀት እየተጫነ ሲነሣ፣ እያንዳንዱ ጽሕፈቱን ይዞ ይወጣል። ስሙ መቶ ይበል እንጂ፣ ቀለሙ እየደከመ ስለሚሄድ ጥሩ ሆኖ የሚነበበው ግልባጭ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነበር። ቢሆንም ማተሚያ ቤት ለሌለው መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት፣ ተዘዋዋሪ ደብዳቤንና የፈተና ጥያቄን ለማባዛት ርካሽ መፍትሔ ሆኖ ቆይቷል።

ዛሬ በቤት የሚሠራው የሥዕል ኅትመት ግን ከዚህ በአንድ ነገር ይለያል። በዚህ ዘዴ ቀለሙ በሰሌዳው ገጽ ላይ ይቀባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ስለዚህም አንድ ሥዕል አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ ሁለተኛው ወረቀት የሚያገኘው የመጀመሪያውን ጥላ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ሰሌዳና በአንድ ቅጠል ቢሠሩ እንኳ አንድ ዓይነት ሥዕል አይወጣላቸውም። ጨዋታነቱም ከዚህ የመጣ ነው።

የሰሌዳው አሠራር

ለአንድ መካከለኛ ትሪ 12 የሾርባ ማንኪያ የጀላቲን ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ተኩል ግሊሰሪን፣ 1 ብርጭቆ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃና 1 ብርጭቆ ተኩል የፈላ ውሃ ይበቃል። በመጀመሪያ ዱቄቱ እንዳይጓጉል ከግሊሰሪኑ ጋር ይለወሳል። ቀጥሎ ቀዝቃዛው ውሃ ተጨምሮበት እስኪያብጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። በመጨረሻ የፈላው ውሃ ይገባና አረፋ እንዳያነሣ በዝግታ ይማሰላል። የፈላ ውሃ ያለበት ሥራ የትልቅ ሰው ድርሻ ነው፤ ልጆች ከዚህ ይራቁ። ወደ ትሪው ከተገለበጠ በኋላ በገጹ ላይ አረፋ ቢታይ፣ በወረቀት ቁራጭ ጠርዝ ወደ ዳር ይገፋል። አንድ ሌሊት ሲያድር ይረጋል። ግሊሰሪኑ ሰሌዳው እንዳይደርቅና ቶሎ እንዳይሻግት ይረዳዋል፤ ከብዙ ሥራ በኋላ ቢቧጠጥም በሞቀ ውሃ ላይ ቀልጦ እንደገና ይፈሳል። ቀለም የነካው ሰሌዳም ሆነ ዕቃው ግን ወደ ምግብ አይመለስም።

እዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ ሊታሰብ ይገባል። ጀላቲን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን መለስለስ ይጀምራል። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየርዋ ለዚህ ሥራ ይስማማል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በበርበራ ግን ሰሌዳው በማቀዝቀዣ ካልተጠበቀ በቀር ሥራ ሳይጀመር ውሃ ይሆናል። በሌላ ወገን የደጋው አየር ደረቅ በመሆኑ ቀለሙ በሰሌዳው ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቀለሙን ስስ አድርጎ መቀባትና ፈጥኖ መሥራት ይሻላል።

ኅትመቱ ሲሠራ በውሃ የሚቀጥን ቀለም በሰሌዳው ላይ ጠብ ይደረግና በሩሎ ይዳመጣል። በላዩ ቅጠል፣ የሰሌን ቁራጭ፣ ሲባጎ ወይም የጥልፍ ጨርቅ ይቀመጣል። ወረቀት ተጭኖ በእጅ መዳፍ ይታሻል፤ ሲነሣም ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ በጥንቃቄ ተነሥቶ ሌላ ወረቀት ቢጫን፣ የቅጠሉ ሥርና ጅማት ሁሉ በቀለም ተሥሎ ይወጣል። ከሁለቱ ይልቅ ያማረው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው። የግራር ቅጠል በጥቃቅንነቱ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው። ቅንጭብን የመሰለ ወተት የሚያወጣ ተክል ግን ዓይን ስለሚጎዳ ለልጅ አይሰጥም።

የገበያው ጥያቄ

ለነጋዴ አንባቢዎቻችን የሚነገር ዋና ጉዳይ ይህ ነው። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ጀላቲን ብዙው ከዐሣማ ቆዳ የሚሠራ ነው፤ ከከብት ቆዳና ዐጥንት የሚሠራም አለ፤ ከዓሣ የሚሠራም አለ። ዱቄቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ሕዝብዋ ሙስሊም በሆነባት በሐርጌሳ፣ የጥቅሉ ጽሑፍ ምንጩን በግልጽ ካላሳወቀ፣ ለልጆች ጨዋታ ተብሎ የገባው ነገር የቤተ ሰብ ኅሊና ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ አስመጪው የሐላል ምስክር ወረቀት መጠየቁ ለደንበኛው ክብር ነው፤ ለራሱም ንግድ ዋስትና ነው። ከባሕር ተክል የሚወጣው አጋር የተባለው ነገርም አለ፤ ሙቀትን ከጀላቲን ይልቅ ይችላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚሰበር ብዙ ጊዜ አያገለግልም።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ሳውዲ ዐረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለውን በሽታ በመፍራት ከ2000 እስከ 2009 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የእንስሳቱን መግቢያ በዘጋች ጊዜ፣ በነፍስ ባለ እንስሳ ንግድ ብቻ መተማመን ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ታይቷል። ቆዳና ዐጥንት በአገር ውስጥ ወደ ሌላ ዕቃ ሊለወጥ የሚችል ሀብት ነው። የጀላቲን ፋብሪካ ብዙ ንጹሕ ውሃና ካፒታል ስለሚጠይቅ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም የአገሩን ከብት ሸጦ የሌላ አገር ከብት ዱቄት መልሶ የሚገዛ ነጋዴ ሒሳቡን ቢያሰላ አይከፋም።

ለሐርጌሳ ሰው ሥዕል እንግዳ ነገር አይደለም። ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በላስ ጌል ዋሻዎች፣ አንገታቸው በመስመር ያጌጠ ላሞች በቀይ፣ በነጭና በሌላም ቀለም ተሥለው ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ዛሬም ይታያሉ። በ2002 ዓ.ም. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ለዓለም አስታወቋቸው። የወረቀት ዕድሜ ግን እንደ ድንጋይ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ከተማዋ በቦምብ በፈረሰች ጊዜ የጽሑፍና የድምፅ ቅርስ ጠፍቷል፤ ከጥፋት የዳኑት የሙዚቃ ካሴቶች ሰዎች ደብቀውና መሬት ቀብረው ያቆዩዋቸው ናቸው።

ከዚህ ታሪክ አንጻር በጀላቲን የሚታተም አንድ የግራር ቅጠል ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ልጅ የሠፈሩን ዛፍ አንድ በአንድ ቀጥፎ፣ አትሞ፣ ስሙንና የተገኘበትን ቦታ ከሥሩ ጽፎ በደብተር ቢያኖረው፣ ማየትንና መዝግቦ ማስቀመጥን ይለምዳል። ዛፉ ለከሰል ተቆርጦ ቢጠፋ እንኳ መልኩ ይቀራል። ወላጆች ይህን ደብተር ቢያስጀምሩ፣ አስተማሪዎችም ቢረዱ፣ ወጪው ከአንድ ትሪ ጀላቲንና ከጥቂት ቀለም አይበልጥም፤ ትርፉ ግን ለትውልድ ነው።