ቀለም የሸፈነው እርጥበት

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ነገር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ግንባታ ጥራት ያመራል። ልስኑ ተላጠ፣ ፍሳሹ ሞላ፣ ደረጃው ተሰነጠቀ፤ ጥፋቱ የተቋራጩ ነው ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ከተጀመረው ግንባታ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን እነዚህን ሕንፃዎች ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ዞሮ ያያቸው ማን ነው? ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሳም።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት ዐዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራ የሆነውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ያዛል። ወርሃዊው መዋጮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለደረጃ መብራት ያልቃል። አሸንዳው ሲቀደድ እንደገና አዋጡ ይባላል። የምድር ቤቱ ነዋሪ «ጣሪያው እኔን አይመለከተኝም» ይላል፤ ተከራዩ ወደ አከራዩ ያመለክታል፤ አከራዩ ውጭ አገር ነው። ክረምቱ ይገባል።

ጉዳቱ አጀማመሩ ትንሽ ነው። የሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት የቧንቧ መጋጠሚያ ያንጠባጥባል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው እማወራ ጣሪያዋ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ቢጫ ክብ ታያለች። ለበዓል ቀለም ታስቀባዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ክቧ ትሪ አክላ ትመለሳለች። በሶሌታው ውስጥ ያለው ፌሮ ዝጓል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ እጅግ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይፈነቅለዋል። መጋጠሚያውን መቀየር የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። አሁን ሶሌታውን በድጋፍ ይዞ የላላውን መስበር፣ ፌሮውን ማጽዳት፣ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል።

የሕንፃ ምርመራ ይህን ቀድሞ ለመያዝ ነው። መሐንዲሱ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ልስኑን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ይለያል፤ ስንጥቁን ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ቀኑን ይጽፋል። ከዚያ የትኛው ዘንድሮ እንደሚጠገን፣ የትኛው ሁለት ሦስት ዓመት እንደሚታገሥ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። መዋጮውም ከዚህ ዝርዝር ይሰላል። ነዋሪው ብሩ ለምን እንደተጠየቀ ያውቃል።

መመርመር ብቻውን ግን አያድንም። አሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ባሕር ዳር ባለችው ሰርፍሳይድ ከተማ የነበረ ባለ 12 ፎቅ የጋራ ሕንፃ በ2018 እ.ኤ.አ. ተመርምሮ ነበር። መሐንዲሱ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው የውሃ መከላከያ መበላሸቱንና ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ክፉኛ መጎዳቱን ጽፎ ሰጠ። ባለቤቶቹ በወጪው ሲከራከሩ ቆይተው፣ የ15 ሚሊዮን ዶላር ጥገና ያጸደቁት በኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ጁን 24 ሌሊት ሕንፃው በከፊል ተደረመሰ፤ 98 ሰዎች ሞቱ። ግዛቲቱ በቀጣዩ ዓመት ባወጣችው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የጋራ ሕንፃዎች ለጥገና መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲይዙ አስገደደች። የአዲስ አበባውን የጀሞ ኮንዶሚኒየም የባሕር ጨው አይበላውም፤ የመዋጮው ክርክር ግን ያው ነው።

የማኅበር ኮሚቴዎች በጀት እስኪገኝ ባይጠብቁ ይበጃል። ግንቦት ላይ አሸንዳው ይጠረግ፤ በየስንጥቁ ጫፍ በእርሳስ መስመር ተሰምሮ ቀኑ ይጻፍበት፤ መስከረም ላይ ተመልሶ ይታይ። ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ከተገኘ መጠራት ያለበት መሐንዲስ ነው፤ ቀለም ቀቢ አይደለም።